የቦርከናን ደለል መመርመር፦ ከባድ ብረቶችና መርዛማነታቸው፣ ከናሙና አወሳሰድ እስከ ፌጦ ሙከራ

ከኮምቦልቻ ድልድይ ሥር የቦርከና ወንዝን ጭቃ በባልዲ ዝቆ ላብራቶሪ ማድረስ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከሳምንታት በኋላ የሚመጣው ቁጥር ግን ብዙ ጊዜ ለምንም አይበቃም። ዚንኩ ከወንዙ ይሁን ከባልዲው አይታወቅም፣ ክሮሚየሙ ከፋብሪካ ይሁን ከተራራው ድንጋይ አይለይም፣ እርጥብ ክብደትና ደረቅ ክብደት ተቀላቅሏል። ይህ መመሪያ የመመረቂያ ጥናት ለሚሠሩ፣ ለአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎችና ለላብራቶሪ ቴክኒሻኖች ነው። አንድ ማሳሰቢያ፦ በአማርኛ “ብረት” ስንል ሁለት ነገር ስለሚሆን፣ እዚህ ንጥረ ነገሩን ለብቻው ስንጠራው “አይረን” እንለዋለን።

ከመነሳታችሁ በፊት፦ ወቅትና ጎርፍ

ከሐምሌ እስከ መስከረም አጋማሽ ናሙና አትውሰዱ። ጎርፉ የቆየውን ደለል ጠርጎ ስለሚሄድ የምታገኙት ያን ሰሞን ከእርሻ የወረደ አፈር ነው። ጥሩው ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር ነው፤ ውኃው ዝቅ ብሎ ደቃቁ ጭቃ ይረጋል። ወሎ በልግ ስላለው መጋቢትና ሚያዝያ አይታመኑም።

ኮምቦልቻ ላይ ፀሐይ ስለሆነ ብቻ ወንዝ ውስጥ አትግቡ። ቦርከና ከደሴ በኩል ይወርዳል፤ ላይ ከዘነበ ጎርፉ ታች ይደርሳል። ውኃው በድንገት ከደፈረሰ ወይም ጭራሮና ቅጠል ይዞ መምጣት ከጀመረ ዕቃውን ትታችሁ ውጡ።

ደረጃ 1፦ የምትለኩትን ቁረጡ

“ከባድ ብረቶች በሙሉ” ብላችሁ አትጀምሩ። ከላይ ያለውን ሥራ አይታችሁ ምረጡ፦ በክሮም ቆዳ የሚለፋበት ቦታ ካለ ክሮሚየም፣ ቆርቆሮ በዚንክ የሚለበጥበት ካለ ዚንክ፣ የጨርቅ ማቅለሚያ ካለ መዳብ፣ ክሮሚየምና ዚንክ፣ ጋራዥና የባትሪ ሥራ ካለ እርሳስ። በዚህ ላይ አልሙኒየም ወይም አይረን የግድ ጨምሩ። እነዚህ በካዮች ተብለው አይደለም፤ በደረጃ 8 ላይ ያለ እነሱ ስሌቱ አይሠራም። ሜርኩሪ ከፈለጋችሁ የራሱ ማድረቂያና የራሱ መለኪያ ዘዴ አለውና ናሙናውን ከመጀመሪያው ለዩለት።

ደረጃ 2፦ ቦታ ምረጡ፣ ከሁሉ በፊት ማነጻጸሪያውን

ብዙ ጥናት የሚበላሸው እዚህ ነው። የደሴና የኮምቦልቻ ተራሮች በአብዛኛው ባዛልት (ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ) ናቸው። ባዛልት ደግሞ ሰው ሳይነካው ክሮሚየም፣ ኒኬልና መዳብ ይበዛበታል። እ.ኤ.አ. በ1961 ቱረኪያንና ቬደፖል ባወጡት የታወቀ ሠንጠረዥ የዓለም አማካይ ሼል (ከጭቃ የተፈጠረ) ድንጋይ በኪሎግራም 90 ሚሊግራም ክሮሚየምና 68 ኒኬል ሲኖረው፣ ባዛልት 170 ክሮሚየምና 130 ኒኬል አለው። እርሳስ ላይ ተቃራኒ ነው፦ ሼል 20፣ ባዛልት 6። ስለዚህ ቦርከናን ከሼል ጋር ያነጻጸረ ሰው ንጹሑን ወንዝ በክሮሚየም ይከሳል፣ እውነተኛውን የእርሳስ ብክለት ደግሞ ሊያሳልፈው ይችላል።

1. ከከተማና ከፋብሪካ በላይ፣ በዚያው ድንጋይ ላይ የሚፈስ ጅረት ፈልጉና ቢያንስ 3 የማነጻጸሪያ ናሙና ውሰዱ።
2. ፍሳሽ የሚገባበትን እያንዳንዱን ገባር ከቦርከና ከመቀላቀሉ በፊት አንድ ነጥብ ስጡት።
3. ከመቀላቀያው በታች ውኃው በሙሉ የሚደባለቅበትን ቦታ ምረጡ። ሁለት ቀለም ጎን ለጎን ሲሄድ ከታየ ገና አልተደባለቀም፤ ወደ ታች ቀጥሉ።
4. ወደ ጨፋ ሜዳ ሲወርድ ውኃው ረገብ የሚልበት አንድ ነጥብ ጨምሩ።

በእያንዳንዱ ነጥብ ደለል የሚተኛበትን ፈልጉ፦ የወንዙ እጥፋት ውስጠኛው ጎን፣ የትልቅ ድንጋይ ጀርባ። አሸዋና ጠጠር ብረት ብዙም አይዝም፤ ከአንዱ ነጥብ አሸዋ፣ ከሌላው ጭቃ ከወሰዳችሁ የለካችሁት የቅንጣት መጠን ልዩነት ነው። ከድልድይ ቀጥታ ሥር አትውሰዱ፤ የመንገዱ እጣቢ እዚያ ይወርዳል።

ደረጃ 3፦ ዕቃ ማዘጋጀት

የሚከለከሉት፦

- የዚንክ ልባጥ ያለው ባልዲ፦ ዚንክ ይጨምራል።
- የናስ ወንፊት፦ መዳብና ዚንክ ይጨምራል።
- የተቧጨረ የማይዝግ ብረት ማንኪያ፦ ክሮሚየምና ኒኬል ሊጨምር ይችላል።
- ዱቄት ያለው ጓንት፦ ዚንክ ሊጨምር ይችላል፤ ዱቄት የሌለው ናይትራይል ግዙ።

የሚያስፈልገው የፕላስቲክ መጭለፊያ፣ የፕላስቲክ ሳፋ፣ ሰፊ አፍ ያላቸው የፖሊኤትሊን ማሰሮዎች፣ ናይለን ወንፊት፣ በረዶ ያለው ሳጥንና እርሳስ ነው፤ የመጻፊያውን ማለታችን ነው። የእስክሪብቶ ጽሑፍ ጭቃ ሲነካው ይጠፋል።

ዕቃውን በሳሙና እጠቡ፣ ከዚያ በ10 በመቶ ናይትሪክ አሲድ ለ24 ሰዓት ዘፍዝፉ። ለአንድ ሊትር፦ 900 ሚሊሊትር ውኃ ቀድማችሁ አፍስሱ፣ 100 ሚሊሊትር ጥቅጥቅ (ያልቀጠነ) አሲድ ቀስ እያላችሁ ጨምሩበት። ሁልጊዜ አሲዱ ወደ ውኃው፤ በተገላቢጦሽ ከሆነ ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል። በመጨረሻ በዲአዮናይዝድ (ጨውና ብረት የወጣለት) ውኃ ሦስት ጊዜ አለቅልቁ። ከማደያ የሚገዛውን የባትሪ ውኃ መጀመሪያ ራሱን በማሽን ሳታስለኩ አትጠቀሙበት።

ደረጃ 4፦ ናሙናውን መውሰድ

ወንዝ ላይ፦

1. ከታችኛው ነጥብ ጀምራችሁ ወደ ላይ ውጡ። ከላይ የረገጣችሁት ጭቃ የታችኛውን ነጥብ እንዳያደፈርስ ነው።
2. ፊታችሁን ወደ ውኃው መምጫ አዙሩና ከፊታችሁ ያልተረገጠውን ውሰዱ።
3. በ20 ሜትር ውስጥ ከ5 ቦታ፣ የላይኛውን 5 ሴንቲሜትር ብቻ ጭለፉ። ጠልቆ የገባ መጭለፊያ የድሮ ደለል ቀላቅሎ አዲሱን ብክለት ያቀጥነዋል።
4. ሳፋው ላይ ድንጋይና ቅጠል ለቅማችሁ ቀለሙ አንድ እስኪሆን አማስሉ።
5. ለብረት ልኬት ግማሽ ኪሎ፣ ለመርዛማነት ሙከራ አንድ ሊትር ለዩ። የሙከራውን ማሰሮ አየር ሳታስቀሩ እስከ አፉ ሙሉ።
6. በአንድ ነጥብ 3 እንዲህ ያለ ድብልቅ ይኑር። ከ10 ናሙና አንዱን ደግማችሁ ውሰዱ።
7. ሁሉንም በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ጨለማ ውስጥ አቆዩ። የመርዛማነቱ ናሙና ይቀዝቅዝ እንጂ ወደ በረዶነት አይለወጥ።

ውኃ ለመለካት የለመደ እጅ እዚህ አሲድ ይጨምራል። ደለል ላይ አሲድ አይጨመርም።

ጭቃው ጥቁር ሆኖ የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ መዝግቡት። ሰልፋይድ አለ ማለት ነው፤ ሰልፋይድ ካድሚየም፣ እርሳስ፣ ዚንክና መዳብን አስሮ ይይዛል። እንዲህ ያለ ጭቃ አየር ሲያገኝ የታሰረው ሊፈታ ስለሚችል ማሰሮውን ቶሎ ዝጉ።

ከወንዙ ሌላ ሎጎ ሐይቅ ላይም የምትሠሩ ከሆነ፦ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ያለው ይህ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም፤ የገባው ብረት እዚያው ይተኛል። የኤክማን ማንሻ (ጭቃ ዘግኖ የሚዘጋ ባለ መንጋጋ ሳጥን) ያስፈልጋችኋል። የመጨረሻዋን አንድ ሜትር በጣም በዝግታ አውርዱት፤ በኃይል ከወረደ የሚገፋው ውኃ ላይ ላዩን ያለውን ስስ ደለል ይበትነዋል። ሲወጣ ሦስት ነገር እዩ። መንጋጋው መካከል ድንጋይ ወይም እንጨት ተቀርቅሮ ከሆነ ድፉት። ጭቃው ክዳኑን ነክቶ ከሆነ የላይኛው ገጽ ጠፍቷል፣ ድፉት። ከላይ ያለው ውኃ ጥርት ካላለም እንዲሁ። ውኃውን በቱቦ ሳቡት እንጂ አታዘንብሉት። ጥልቀቱ 80 ሜትር ያህል ስለሚደርስ ያለ መንሳፈፊያ ጃኬት ታንኳ ላይ አትውጡ።

ከሐይቅ በቧንቧ ቀጥ ያለ ናሙና ማውጣት ከቻላችሁ ትልቅ ጥቅም አለው። የታችኛው ቁራጭ ከከተማው ዕድገት በፊት የተኛ ደለል ከሆነ ራሱ ማነጻጸሪያ ይሆናል። በ2 ሴንቲሜትር ቁረጡት፤ ቧንቧውን የነካውን ዙሪያ ገፋችሁ ጣሉ።

ደረጃ 5፦ ማድረቅና መንፋት

1. ከ5 እስከ 10 ግራም ለይታችሁ በ105 ዲግሪ አሳድሩ። ይህ ለእርጥበት ስሌት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ይጣላል።
2. ቀሪውን በ40 ዲግሪ፣ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቁ። ጣሪያ ላይ ፀሐይ አታስመቱት፤ የመንገድ አቧራ ይገባበታል።
3. በሸክላ ወይም በአጌት (ጠንካራ ድንጋይ) ሙቀጫ ጓሉን ብቻ ፍቱ። ጠጠሩን አትፍጩ።
4. በ2 ሚሊሜትር ወንፊት ንፉና ለሁለት ክፈሉት። አንዱን ክፍል በ63 ማይክሮሜትር ናይለን ወንፊት አሳልፉ።

ሁለት ክፍል የሚያስፈልገው ለሁለት ጥያቄ ነው። ብረቱ ከየት እንደመጣ ለመከታተል ደቃቁ (63) ይሻላል። ደረጃ 8 ላይ ካሉት የመርዛማነት መመሪያ ቁጥሮች ጋር ለማነጻጸር ግን ያልተለየውን ደለል ለኩ፤ ቁጥሮቹ የወጡት በእሱ ነው። ደቃቁን ለክቶ ከመመሪያው ጋር ማስተያየት ውጤቱን ከእውነታው በላይ ያከብደዋል።

ጭቃው ደርቆ እንደ ሸክላ ከጠጠረ ቀጣዩን ከመድረቁ በፊት፣ በራሱ በወንዙ ጥቂት ውኃ እርጥቡን ንፉ። የቧንቧ ውኃ አይሆንም። ሥራችሁን ከንጹሑ ናሙና ጀምራችሁ በቆሻሻው ጨርሱ።

ደረጃ 6፦ በአሲድ ማሟሟት

ይህ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ 3050ቢ የሚባለው ዘዴ ነው። ፊውም ሁድ (ጭስ ስቦ የሚያወጣ የሥራ ሳጥን)፣ መነጽርና ጓንት ከሌለ አትጀምሩ።

1. 1.000 ግራም ደረቅ ዱቄት መዝኑ።
2. 10 ሚሊሊትር እኩል በእኩል የተቀላቀለ ናይትሪክ አሲድና ውኃ ጨምሩ፤ በሰዓት መስታወት (ጎድጎድ ባለ ክብ የመስታወት ክዳን) ከድናችሁ በ95 ዲግሪ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አሙቁ።
3. አብርዱ። 5 ሚሊሊትር ጥቅጥቅ ናይትሪክ ጨምራችሁ 30 ደቂቃ አሙቁ። ቡናማ ጭስ ከወጣ እስኪቆም ድረስ ይህን ድገሙ።
4. ሳይፈላ ወደ 5 ሚሊሊትር እስኪወርድ ወይም ለ2 ሰዓት አቆዩ።
5. አብርዱ። 2 ሚሊሊትር ውኃና 3 ሚሊሊትር የ30 በመቶ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ጨምሩ። አረፋው ሲቆም አንድ አንድ ሚሊሊትር ቀጥሉ፤ በድምሩ ከ10 አይብለጥ። ከዚያ እንደገና ወደ 5 ሚሊሊትር አውርዱት።
6. በነበልባል ማሽን (ደረጃ 7) የምትለኩ ከሆነ 10 ሚሊሊትር ጥቅጥቅ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጨምራችሁ 15 ደቂቃ አሙቁ።
7. አጣሩና 100 ሚሊሊትር ሙሉ።

የደሴ ላብራቶሪዎች ልብ ይበሉ። ከፍታው 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ በ94። ስለዚህ ብርጭቆውን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክሮ በማሞቅ 95 ዲግሪ በጭራሽ አይደረስም፤ ቀኑን ሙሉ ቢንተከተክም አሲዱ ሥራውን ሳይጨርስ ሊቀር ይችላል። የብረት ብሎክ ማሞቂያ ወይም አሸዋ የተደላደለበት ምድጃ ተጠቀሙ፤ ሙቀቱንም አንድ ብርጭቆ ውስጥ በተነከረ ቴርሞሜትር እዩ እንጂ በመፍላቱ አትገምቱ።

ሲበላሽ፦

- አረፋው ከገነፈለ ናሙናው ጠፍቷል። ከአዲስ ጀምሩ፤ ፐሮክሳይዱን በግማሽ ሚሊሊትር ጨምሩ። የከተማ ፍሳሽ የበዛበት ጭቃ ላይ ይህ የተለመደ ነው።
- ከደረቀ አሲድ ጨምራችሁ አታድኑት። ድገሙት።
- ማጣሪያው ከተደፈነ በሴንትሪፉጅ አሽከርክሩ፣ የላዩን ውሰዱ።
- ታች ነጭ ወይም ግራጫ አሸዋ ቢቀር ስህተት አይደለም። ይህ ዘዴ ሲሊኬትን አያሟሟም። ስለዚህ ሪፖርታችሁ ላይ “ጠቅላላ” አትበሉ፣ የዘዴውን ስም ጻፉ።

በእያንዳንዱ 20 ናሙና ውስጥ አንድ ባዶ (አሲድ ብቻ)፣ አንድ ድጋሚ፣ አንድ መጠኑ የታወቀ ብረት የተጨመረበትና፣ ከተገኘ፣ አንድ የተረጋገጠ ማመሳከሪያ ደለል አስገቡ።

ደረጃ 7፦ ማሽኑ ላይ

ለነበልባል አቶሚክ አብዞርፕሽን (ብረቱ ነበልባል ውስጥ በሚውጠው ብርሃን መጠኑን የሚለካ ማሽን) የሞገድ ርዝመቶቹ በናኖሜትር፦ ክሮሚየም 357.9፣ መዳብ 324.8፣ ዚንክ 213.9፣ ኒኬል 232.0፣ ካድሚየም 228.8፣ እርሳስ 283.3። ለካድሚየምና ለእርሳስ የጀርባ ማረሚያውን አብሩ። የባዛልት ደለል አይረን ስለሚበዛበት በአየርና አሴቲሊን ነበልባል የክሮሚየም ንባብ ሊወርድ ይችላል፤ ናይትረስ ኦክሳይድ ካላችሁ እሱ ይሻላል። መጠናቸው የታወቀውን መለኪያ መፍትሔዎች ናሙናው ባለበት አሲድ ልክ አዘጋጁ።

ንባቡ ከትልቁ መለኪያ ካለፈ አቅጥናችሁ ድገሙ። ከማሽኑ አቅም በታች ከሆነ ዜሮ አትጻፉ፤ “ከዚህ በታች” ብላችሁ ገደቡን ጻፉ። የተጨመረው ብረት ከ75 እስከ 125 በመቶ ካልተመለሰ ያን ቡድን አትቀበሉ። መሣሪያው ኮምቦልቻ ወይም ደሴ ካልተገኘና ወደ አዲስ አበባ መላክ ካለባችሁ፣ እርጥብ ጭቃ በአውቶቡስ አትላኩ፤ ደረቅ ዱቄት 20 ግራም ይበቃል።

ደረጃ 8፦ ስሌትና ንባብ

ከንባቡ የባዶውን ቀንሱ፣ በመጠኑ (ሚሊሊትር) አባዙ፣ ለደረቅ ክብደት (ግራም) አካፍሉ። ለምሳሌ ማሽኑ በሊትር 1.42 ሚሊግራም ክሮሚየም ቢያነብና ባዶው 0.02 ቢሆን፦ 1.40 × 100 ÷ 1.000 = በኪሎግራም 140 ሚሊግራም። እርጥብ ጭቃ 1 ግራም አሟሙታችሁ ደረቁ 40 በመቶ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያው ደለል 56 ይመስል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2000 ማክዶናልድና ባልደረቦቹ ለንጹሕ ውኃ ደለል ያወጧቸው ሁለት ገደቦች (በኪሎግራም ደረቅ ደለል፣ ሚሊግራም)፦

- ክሮሚየም፦ 43.4 እና 111
- ኒኬል፦ 22.7 እና 48.6
- መዳብ፦ 31.6 እና 149
- ዚንክ፦ 121 እና 459
- እርሳስ፦ 35.8 እና 128
- ካድሚየም፦ 0.99 እና 4.98

ከመጀመሪያው በታች ጉዳት አይጠበቅም፤ ከሁለተኛው በላይ ይጠበቃል፤ መካከሉ አይታወቅም። 140ው ሁለተኛውን አልፏል። አሁን ማነጻጸሪያችሁን አውጡ፤ በሁለቱም ቦታ ክሮሚየሙን ለአልሙኒየሙ አካፍላችሁ አስተያዩ። የናሙናው አልሙኒየም 50,000፣ የላይኛው ጅረት ክሮሚየም 120፣ አልሙኒየሙ 60,000 ነው እንበል። (140 ÷ 50,000) ÷ (120 ÷ 60,000) = 1.4። ከ2 በታች ስለሆነ ጎልቶ የሚታይ የሰው ጭማሪ የለም። ማነጻጸሪያ ሳይወስዱ “ፋብሪካው በከለው” ማለት የሚያስጠይቀው ለዚህ ነው። ተመሳሳይ ስሌት 8 ወይም 10 ቢያወጣ ግን ተራራውን ምክንያት ማድረግ አይቻልም።

ሌላ ጥንቃቄ፦ ይህ ልኬት ክሮሚየም 3ን ከክሮሚየም 6 አይለይም። ቆዳ ማልፊያው 3 ነው፤ እጅግ መርዛማው 6 ነው። 6ን ለማወቅ በአልካሊ የሚሟሟ ሌላ ናሙና ያስፈልጋል፤ በአሲድ የተሟሟው ቅርጹን ስለሚያጠፋ ከእሱ አይገኝም።

ደረጃ 9፦ መርዛማነቱን በፌጦ መፈተሽ

ቁጥሩ ብቻ ሕይወት ያለው ነገር መጎዳቱን አይናገርም። ርካሹ የመጀመሪያ ሙከራ የገበያ ፌጦ ነው።

1. የዘንድሮ ፌጦ ግዙ። 50 ፍሬ እርጥብ ወረቀት ላይ አብቅሉ፤ ከ45 በታች ከበቀለ ሌላ ግዙ።
2. አንድ እጅ እርጥብ ደለል በአራት እጅ ውኃ 30 ደቂቃ አማቱ፣ አንድ ሰዓት አርጉ፣ የላዩን አጣሩ። ፒኤችና የኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱን ለኩ።
3. 9 ሴንቲሜትር ሳህን ላይ ማጣሪያ ወረቀት፣ 5 ሚሊሊትር ፈሳሽ፣ 10 ፍሬ። ለእያንዳንዱ ናሙና 5 ሳህን፣ 5 ደግሞ በንጹሕ ውኃ።
4. ፍሬዎቹን በደረቁ አንድ አንድ ሴንቲሜትር አራርቁ። ፌጦ ውኃ ሲነካው ልጋግ ያወጣል፤ ቀድሞ ከተነከረ ተጣብቆ አይለያይም፣ ሥሩም ተጠላልፎ አይለካም።
5. በ25 ዲግሪ፣ ጨለማ፣ 72 ሰዓት። የደሴ ሌሊት ያለ ኢንኩቤተር ሙከራውን ያበላሸዋል።
6. የበቀለውን ቁጠሩ፣ ሥሩን በሚሊሜትር ለኩ።

ስሌት፦ በንጹሕ ውኃ 48 በቅሎ አማካይ ሥሩ 42፣ በናሙናው 45 በቅሎ 21 ቢሆን፣ (45 × 21) ÷ (48 × 42) × 100 = 47። የበቀለው ቁጥር ብዙ እንዳልቀነሰ፣ ሥሩ ግን በግማሽ እንዳጠረ ልብ በሉ፤ ብረት ቀድሞ የሚመታው ሥር ነው። ለብስባሽ ማዳበሪያ ከሚሠራበት ልማድ ተወስዶ፣ ከ50 በታች ከባድ፣ ከ50 እስከ 80 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ደህና ይባላል።

አሁን ጨውን ሳታስወጡ ብረቱን አትክሰሱ። የቆዳ ፍሳሽ ጨው ይበዛበታል፤ ጨው ብቻውን ፌጦን ያቀጭጫል። አስተላላፊነቱ ከናሙናው ጋር እኩል እስኪሆን የገበታ ጨው ውኃ ውስጥ አሟሙታችሁ፣ በተጨማሪ 5 ሳህን ላይ ዝሩ። እሱም 47 አካባቢ ከሰጠ ጥፋተኛው ጨው ነው። 90 ከሰጠ ሌላ ነገር አለ።

ፌጦ የሚያሳየው ውኃ የሚያወጣውን ብቻ ነው። ጭቃ ውስጥ ለሚኖሩት የካይሮኖሚድ (ትንኝ መሰል፣ የማይናከሱ ነፍሳት) እጮች የ10 ቀን ሙከራ አለ፦ 300 ሚሊሊትር ብርጭቆ ውስጥ 100 ሚሊሊትር ደለልና 175 ሚሊሊትር ውኃ፣ 10 እጭ፣ 8 ብርጭቆ፣ 23 ዲግሪ። በንጹሑ ደለል ከ70 በመቶ በታች ከተረፈ ሙከራው ውድቅ ነው፤ የቆሸሸው ናሙና የሰጠው ውጤት ምንም ያህል አሳማኝ ቢመስል። በየቀኑ ኦክስጅን፣ በመጀመሪያና በመጨረሻው ቀን አሞኒያ ለኩ፤ የመጸዳጃ ፍሳሽ ባለበት ደለል እጮቹን የሚገድለው ብዙ ጊዜ አሞኒያው ነው።

ከእያንዳንዱ ናሙና 50 ግራም ደረቅ ዱቄት ጨለማና ደረቅ ቦታ አስቀምጡ። ቁጥሩን የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ድጋሚ የምታስለኩት ያንን ነው።